የግቢያችንን መንገድ በምን እናንጥፈው?

በቆቦና በራያ ቆላ ለሚኖሩ ባለቤቶች የቀረበ ምክር

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው አብዝቶ ያስባል፤ ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ስላለው መንገድ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ገንዘቡ ለግንቡና ለቆርቆሮው ካለቀ በኋላ የተረፈው ጠጠር በደጁ ላይ ይበተንና ሥራው ተፈጸመ ይባላል። ነገር ግን እንግዳ አስቀድሞ የሚረግጠው፥ ልጆች ጧትና ማታ የሚመላለሱበት፥ እህል የጫነ መኪና የሚገባበት፥ በክረምት ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትወሰድበት ይኸው መንገድ ነው። ስለዚህ በትርፍ ጠጠርና በትርፍ አሳብ የሚሠራ ነገር አይደለም።

በቆቦና በራያ ቆላ ለሚኖር ሰው ደግሞ ነገሩ ደጅን ከማሳመር ያለፈ ነው። የምድሩ ጠባይና የጎርፉ ኀይል ከደጋው የተለየ ስለ ሆነ፥ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ያማረውን ሥራ አይቶ እንዳለ ወደዚህ ማምጣት ብዙ ሰው አክስሯል። በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን የንጣፉን ዓይነቶች አንድ በአንድ እየመረመርን ለዚህ አገር የሚበጀውን ለማመልከት አስበናል። ዋናውን አሳብ አስቀድመን ለመናገር ያህል፥ ባለቤቱ ሊመርጠው የሚገባው ከላይ የሚታየውን ፊት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ ከሥር ያለውን መደብና የውሃውን መሄጃ ሊመርጥ ይገባዋል። በወንጌል ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምሳሌው ለቤት ብቻ ሳይሆን ለመንገድም ይሠራል።

ስለ ምድሩ ጠባይ

ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ በሚሆን ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምዕራብ የጊዳንና የላስታ ደጋ፥ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይከቧታል። በመካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ሆርማትና ጎሊና፥ ሌሎችም ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ እየተሸከሙ ያወረዱት ደለል ነው። ይህ ደለል ለማሽላና ለጤፍ ታላቅ በረከት ሆኗል፤ የራያ ገበሬም ጎርፉን ጠልፎ ወደ እርሻው መምራትን ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው። ነገር ግን ለእርሻ የተባረከው አፈር ሁልጊዜ ለመንገድ አይመችም።

በወንዞቹ ዳር ያለው ምድር አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ውሃን ያሳልፋል፥ ሸክምንም ይችላል። ከወንዞቹ ራቅ ባለው ረባዳ ቦታ የሚገኘው ጥቁር አፈር ግን ዋልካ ነው። የዋልካ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቆች ከመሆናቸውም በላይ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው የተቀመጡ ናቸው፤ ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ይራራቃሉ፥ ምድሩም ያብጣል። በበጋ ሲደርቁ ይጠጋጋሉ፥ ምድሩም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ይሰነጣጠቃል። በአገራችን እንዲህ ያለው አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆን ምድር ይሸፍናል። በላዩ የተነጠፈው ነገር ሁሉ በየዓመቱ ከምድሩ ጋር ይነሣል፥ ከምድሩም ጋር ይወድቃል።

ባለቤቱ የግቢውን አፈር ለማወቅ የግድ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልገውም። ከአንድ ክንድ ጥልቀት ጥቂት አፈር አውጥቶ በውሃ አርሶ በመዳፉ መካከል እንደ ክር ያንከባልለው። ክሩ ሳይበጠስ በጣት ላይ እንደ ቀለበት የሚጠመጠም ከሆነ ዋልካ ነው፤ የሚፈረፈር ከሆነ አሸዋማ ነው። ይህ የጥቂት ደቂቃ ምርመራ ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

ስለሚያልፈው ሸክም

ሁለተኛው ጥያቄ በመንገዱ ላይ ምን ያልፍበታል የሚለው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ባስጎተቱ ጊዜ፥ የወሎን ገደልና ሸለቆ እየቆረጡ መንገዱን በመድፉ ክብደት ልክ ማሠራት ግድ ሆኖባቸው ነበር። ለበቅሎ የበቃው መንገድ ለመድፍ አልበቃምና። ይህ ነገር ለአንድ ግቢም ትምህርት ይሰጣል። በእግር ለሚሄድ ሰውና ለአንዲት ባጃጅ የሚበቃው ንጣፍ፥ 50 ኩንታል ጤፍ ለጫነ አይሱዙ አይበቃም፤ የጭነቱ ላይ የመኪናው የራሱ ክብደት ሲጨመር ከ70 ኩንታል ያልፋልና። በመኸር ጊዜ እህል በመኪና የሚያስገባ ባለቤት የንጣፉን መደብ በዚያ ቀን ሸክም ልክ ያሠራ፤ ቤት ሲሠራ አሸዋና ሲሚንቶ የሚያመላልሰውም መኪና አይዘንጋ። ከባዱን ሥራ ሁሉ ጨርሶ ንጣፉን በመጨረሻ መሥራት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ስለ ንጣፉ ዓይነቶች

አንደኛው ጠጠር ነው። ከሁሉ ይልቅ ወጪው የሚያንስ፥ ከምድሩም ጋር ሲነሣና ሲወድቅ የማይሰበር ይህ ነው። ብዙ ሰው ግን ከወንዝ የመጣውን ድቡልቡል ጠጠር እንዳለ ይበትነዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ክብ ድንጋይ ከጓደኛው ጋር አይያያዝም፤ ጎማ ሲረግጠው ይሸሻል፥ በዳርና በዳር ተቆልሎ መካከሉን ባዶ ያስቀራል። የተፈለጠ፥ ማዕዘን ያለው ድንጋይ ግን እርስ በርሱ ይነካከሳል። እስኮትላንዳዊው የመንገድ ሠሪ ጆን ማካዳም ከ1756 እስከ 1836 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የኖረ ሰው ሲሆን፥ በዓለም ሁሉ የታወቀው በዚሁ ትምህርት ነው። መንገድን የሚሸከመው በመጨረሻ ምድሩ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ምድሩ ደረቅ ይሁን፥ በላዩም ትንንሽ የተፈለጠ ድንጋይ ይጠቅጠቅ ይል ነበር። ከ170 ግራም የሚከብድ ድንጋይም በላይኛው ንጣፍ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። እኛም የተፈለጠውን ጠጠር ከጥቂት ገረጋንቲ ጋር ቀላቅለን፥ ውሃ እየረጨን ብንጠቀጥቀው፥ ዳሩንም በጠርዝ ድንጋይ ብንይዘው መልካም መንገድ ይሆናል። ጉድለቱ አቧራ ማንሣቱና በየዓመቱ ጥቂት መጨመር የሚፈልግ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ኮንክሪት ነው። ሲያዩት ያምራል፥ ለመጥረግም ይመቻል። በአሸዋማ ምድር ላይ በሚገባ ከተሠራ ለብዙ ዘመን ይኖራል። ውፍረቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በየ3 ሜትሩም መለያያ መስመር ይተውለት፥ አለዚያ ራሱ በፈለገበት ቦታ ይሰነጠቃል። የቆቦ ፀሐይ ኀይለኛ ስለ ሆነች ሥራው በማለዳ ይጀመር፤ ከተፈሰሰም በኋላ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ኮንክሪት ፊቱ ይፈረፈራል። በዋልካ ምድር ላይ ግን ኮንክሪትን አንመክርም። ምድሩ በአንድ ወገን ሲያብጥ በሌላው ወገን ሲሟሽሽ፥ መታጠፍ የማያውቀው ኮንክሪት ከመሰበር በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ ከተሰበረም በኋላ እንደ ልብስ ተጥፎ አይለበስም። ፊቱም እጅግ ከለሰለሰ ለከብት ኮቴና ለሽማግሌ እግር አዳላጭ ስለ ሆነ፥ ገና እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ መሻከር ይገባዋል።

ሦስተኛው አስፋልት ነው። ከደሴ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ወደ አላማጣ የሚያልፈውን ዋና መንገድ የሚያይ ሰው፥ ለግቢዬም እንዲሁ ቢሆን ብሎ ይመኛል። በዚህ አቅጣጫ የመኪና መንገድ የተዘረጋው በጠላት ወረራ ጊዜ፥ ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ሲሆን፥ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ የአገራችን ዋና ዋና መንገዶች ጥገና በመንግሥት እጅ በሥርዓት ተያዘ። ነገር ግን የሕዝብ ጎዳናና የአንድ ሰው ግቢ ልዩ ልዩ ናቸው። አስፋልት ከ150 ዲግሪ በላይ በጋለ ሬንጅ ተለውሶ፥ ሳይቀዘቅዝ ተነጥፎ በከባድ ሮለር የሚጠቀጠቅ ነው፤ ይህን ሁሉ መሣሪያ ለ20 ሜትር መንገድ ማምጣት ወጪው የበዛ ነው። በበርሜል ሬንጅ አፍልቶ በጠጠር ላይ ማፍሰስም እውነተኛ አስፋልት አይደለም፤ በቆላ ፀሐይ ይለሰልሳል፥ ከጫማ ጋር ተጣብቆ እስከ ሳሎን ይገባል።

አራተኛው በዘመናችን ኮብልስቶን ተብሎ የታወቀው ጥርብ ድንጋይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን መንግሥት የልማት ድርጅት ረዳትነት በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ ብዙ ከተሞቻችን ሲስፋፋ፥ ብዙ ወጣቶች ድንጋይ ጠራቢነትንና ንጣፍን ተምረው እንጀራ በልተውበታል። ጥሬ ዕቃው ደግሞ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። የወሎ ደጋ የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየቀለጠ ፈሶ የተነባበረ ስለ ሆነ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ጎማ ቶሎ አይበላውም፥ ፀሐይም አያለሰልሰውም። ከሁሉ የሚበልጠው መልካም ጠባዩ ግን ብዙ ሆኖ አንድ መሆኑ ነው። ምድሩ ከሥሩ ጥቂት ቢንቀሳቀስ እያንዳንዱ ድንጋይ ከጓደኛው ጋር ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። አንድ ቦታ ቢሰምጥ ድንጋዩ ይነሣል፥ ከሥሩ ይሞላል፥ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል፤ የውሃ ቧንቧ ለመቅበር ቢፈለግም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዋልካ ባለበት ግቢ ከፊት ንጣፎች ሁሉ ይህን እናስቀድማለን።

ሆኖም አንድ ልማድ እንዲቀር እንመክራለን። አንዳንድ ግንበኛ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶ ይሞላል፤ ባለቤቱም ጠንከር ያለለት ይመስለዋል። በዋልካ ላይ እንዲህ ማድረግ ተጣጣፊውን ንጣፍ መልሶ ግትር ማድረግ ነው፤ ሲሰነጠቅም ድንጋዩን በሙሉ ለማንሣት ያስቸግራል። ክፍተቱ በንጹሕ አሸዋ ይሞላ።

ስለ መደቡ አሠራር

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ በጥድፊያ የተነጠፈ መንገድ በመጀመሪያው ክረምት ይፈታል። ዋልካ ባለበት ቦታ ጥቁሩ አፈር ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይውጣ። የጉድጓዱ ወለል እንደ ሸክላ ደርቆ ሳለ አይሞላ፥ ጭቃም ሆኖ አይሞላ፤ ጥቂት ውሃ ተረጭቶ ለዘብ ሲል ይጠቅጠቅ። በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይነጠፍ፤ ይህም ጥቁሩ ጭቃ ወደ ላይ ወጥቶ ከድንጋዩ ጋር እንዳይቀላቀል ይከለክላል። ከዚያ የተፈለጠ ድንጋይና ገረጋንቲ በ15 በ15 ሳንቲ ሜትር እየተነባበረ፥ እያንዳንዱ ንብብር ለብቻው ይጠቅጠቅ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ሞልቶ ላዩን ብቻ መምታት ከንቱ ድካም ነው፤ መጠቅጠቂያው ኀይሉ ወደ ታች አይደርስምና።

መጠኑን ለመገመት እንዲመች አንድ ምሳሌ እንስጥ። 3 ሜትር ስፋትና 20 ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ 60 ካሬ ሜትር ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ የድንጋይ መደብ ለማግኘት 18 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ ግን 22 ወይም 23 ሜትር ኩብ ማዘዝ ይገባል፤ ይህም 16 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገልባጭ መኪና አንድ ጭነት ተኩል ገደማ ነው። ከጥርቡ ድንጋይ ሥር ለሚነጠፈው 4 ሳንቲ ሜትር አሸዋ 2 ሜትር ተኩል ኩብ ያህል ይበቃል። ድንጋዩ በየወገኑ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ90 እስከ 100 ይገባልና፥ በጠቅላላው 6,000 ያህል ድንጋይ ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ ያሰላ ባለቤት በነጋዴም በካቦም አይታለልም።

አሸዋውና ድንጋዩ ከወንዝ የሚወሰድ ከሆነ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ካለው ሰው ይገዛ። የወንዝን ዳር እየናዱ መውሰድ ጎርፉ በሚቀጥለው ክረምት አዲስ መንገድ እንዲቈርጥ መፍቀድ ነው፤ ያም አዲስ መንገድ በማን ማሳ እንደሚያልፍ አይታወቅም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነት ቤቱ የፈረሰበት ሰው በአገሩ ብዙ ነው። የፈረሰው የድንጋይና የብሎኬት ግድግዳ ከእንጨትና ከቆሻሻ ተለይቶ፥ ተፈልጦም ለመደብ ሊውል ይችላል፤ ሐዘን ያለበት ፍርስራሽ ለአዲሱ ቤት መሠረት ቢሆን መልካም ነው። ሆኖም ከፍርስራሹ ውስጥ የተቀበረ ጥይት ወይም ቦምብ ሊኖር ስለሚችል፥ እንግዳ ነገር ያየ ሰው ሳይነካ ለፖሊስ ያመልክት፤ ልጆችም በዚያ ሥራ ላይ አይሰለፉ።

ስለ ውሃውና ስለ ጎረቤት

የንጣፍ ጠላት መኪና አይደለም፤ ውሃ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ በመጀመሪያ የአሸዋውን ቅንጣት፥ ቀጥሎ የጠርዙን ድንጋይ፥ በመጨረሻም መንገዱን ይወስዳል። ስለዚህ የመንገዱ ፊት በያንዳንዱ ሜትር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ዳር ያዘንብል፤ ዝንባሌውም ከቤቱ ግድግዳ የሚርቅ ይሁን። በሲባጎና በውሃ ልክ ሳይለካ በዓይን ብቻ አይታመን። በዳሩ በድንጋይ የተሠራ ቦይ ይኑር፤ የጣራው ውሃም በንጣፉ ላይ ሳይወርድ በአሸንዳ ወደ ቦዩ ወይም ወደ ማጠራቀሚያ ይሂድ። ባሕር ዛፍ ከመንገዱና ከግድግዳው አጠገብ አይተከል፤ ሥሩ የዋልካውን እርጥበት እየመጠጠ በበጋ ምድሩን አብዝቶ ያሟሽሸዋልና።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የቦዩ መጨረሻ ነው። በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራችን ከሚያልፉት የጎረቤት ክሶች ውስጥ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከአንድ ዝናብ ነው። አፈር የነበረ ግቢ ከዝናቡ ጥቂቱን ይጠጣ ነበር፤ ኮንክሪት ሲለብስ ግን ምንም ሳይጠጣ ሁሉን ወደ ውጭ ይተፋዋል። ከላይ ያለው ግቢውን ደረቅ ሲያደርግ ከታች ያለው ጎተራው ይረጥብበታል፥ ግድግዳው ይናድበታል። ከዚያ በኋላ ለሠርግና ለለቅሶ ይጠራሩ የነበሩ ሁለት ቤተ ሰቦች ከሽማግሌ ወደ ችሎት እየተመላለሱ ይኖራሉ፤ ለጠበቃና ለመጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብም ከቦዩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለይዞታ በገዛ ቦታው ሲሠራ ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ግዴታ ጥሎበታል። የራያ ገበሬ ጎርፍ ሲጠልፍ ከላይኛውና ከታችኛው ጋር ተራ ይዞ እንደሚከፋፈል፥ የከተማውም ባለቤት ቦይ ከመቆፈሩ በፊት የታችኛውን ጎረቤቱን ጠርቶ ውሃው ወዴት ይሂድ ብሎ ቢመክር ሕጉንም ወዳጅነቱንም ይጠብቃል። ጠጠርና በአሸዋ የተሞላ ጥርብ ድንጋይ ከዝናቡ ጥቂቱን ወደ ሥራቸው ስለሚያሳልፉ፥ በዚህም ረገድ ከኮንክሪት ይሻላሉ። ወደ ሥር የገባው ውሃ በዋልካው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይተኛ ግን የመደቡም ወለል ወደ ቦዩ ማዘንበል አለበት።

ሥራው ስለሚጀመርበት ጊዜ

በራያ የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ይችላል፤ የክረምቱም ጎርፍ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል። ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ የሰው እጅ ነጻ የሚሆነው በታኅሣሥና በጥር ስለ ሆነ፥ ለቁፋሮና ለመደብ የሚመረጠው ይህ ጊዜ ነው።

ገንዘቡ አንድ ጊዜ የማይበቃው ሰው ከፋፍሎ ይሥራ። በመጀመሪያው ዓመት መደቡንና ቦዩን በሚገባ ሠርቶ ላዩን በተፈለጠ ጠጠር ያልብሰው፤ ሁለት ክረምት ይለፍበት። የሚሰምጠው ቦታ ይሰምጣል፥ ውሃው የሚመርጠውም መንገድ ይታያል። ጉድለቱን ሞልቶ ካስተካከለ በኋላ ጥርቡን ድንጋይ ቢያነጥፍ ሥራው ሳይፈርስ ይዘልቃል። ባለ ሙሉ ገንዘብም ቢሆን እንዲህ ቢታገሥ አይጎዳም።

እንግዲህ ነገሩን ስንጠቀልለው፥ ምድሩ አሸዋማ ለሆነ ሰው በሥርዓት የተሠራ ኮንክሪትም ጥርብ ድንጋይም ይስማማዋል። ምድሩ ዋልካ ለሆነ ሰው ጠጠር ይቅደም፥ ጥርብ ድንጋይ ይከተል። አስፋልት ለጎዳና ይቅር። በሁሉም ዘንድ ግን ከገንዘቡ የሚበዛው በማይታየው መደብና በቦዩ ላይ ይውጣ። በየዓመቱም ከክረምት በፊት በሰኔ መጀመሪያ ቦዩ ይጠረግ፥ የጎደለው አሸዋ ይሞላ፥ የተነቀነቀው የጠርዝ ድንጋይ ይጠገን። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የቤቱ ልጆችም አካፋና መጥረጊያ ይዘው ቢሳተፉበት፥ ቤት በመሥራት ብቻ ሳይሆን በመጠበቅም እንደሚኖር ከልጅነታቸው ይማሩበታል።